እምቢ ያልኩት ቤት

ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ሽማግሌ መላክ የአገር ወግ ነው። ከሚስቴ አስታርቁኝ ብሎ የሚልክም ሞልቷል። ቤት ብሰጣት እምቢ አለችኝ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከአጎቴ ሌላ አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ አትላንታ ውስጥ ነው። ሽማግሌ የተላከብኝም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አትላንታ ዳር ባለችው ደካቱር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ እሠራ ነበር። የቢሮው ዋና ሥራ ሰው ሲሞት የሚተወው ወይም በሕይወት እያለ ለዘመድ የሚሰጠው ንብረት የሚያመጣውን የግብር ጣጣ ማስተካከል ነው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ባል የሞተባቸው፣ ከንፈራቸውን ደማቅ አድርገው የሚቀቡ ሀብታም አሮጊቶች ነበሩ። ማታ ማታ ተምሬ አካውንቲንግ እንደጨረስኩ ነው የተቀጠርኩት፤ ዓመት ሳይሞላኝ አለቃዬ ከባድ ከባዱን ፋይል ወደ እኔ ጠረጴዛ መግፋት ጀመረ። ጎበዝ ነበርኩ። ጎበዝ መሆኔንም አውቅ ነበር፤ ይህን ለመደበቅ የደከምኩበት ቀን የለም።

ሕጉ ደግሞ ሲሰሙት የሚያስፈራውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። አሜሪካ ሰው በሕይወቱ የሰጠውንና ሲሞት የሚያወርሰውን አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያየው፤ አለዚያማ ሀብታም ሁሉ ሊሞት ሲል ንብረቱን ለልጆቹ እያከፋፈለ ከውርስ ግብር ያመልጥ ነበር። ቢሆንም በዓመት ለአንድ ሰው እስከ አስር ሺሕ ዶላር ብትሰጥ ማንም ምንም አይልህም። ከዚያ ካለፈ ለመንግሥት ታስታውቃለህ፤ ታስታውቃለህ ማለት ግን ወዲያው ትከፍላለህ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያገለግለው ትልቅ ነፃ መጠን ተፈቅዶለታል፤ ያለፈው ከዚያ ላይ ይቀነሳል፤ ያ ተሟጦ እስኪያልቅ ግብር የለም። ካለቀም የሚከፍለው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ አይደለም። ይህን ለማንም ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ አስረዳው ነበር። ላስረዳቸው ያልቻልኩት አጎቴን ብቻ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ወደ አሜሪካም ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው። ኮንየርስ ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዱ ነበር። ሚስታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ የሆስፒታል ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ልጅ የላቸውም። የነበራቸው ነገር ፓይን ሌክ ያለችው ቤት ነበረች። ፓይን ሌክ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደኋላ ካልተመለሰ የማያስተላልፉ መንገዶች ያሏት፣ በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዙሪያ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቷ የእንጨት ናት፤ ሁለት መኝታ ክፍል አላት። እትዬ ወጥ ቤቱን ራሳቸው ቢጫ ቀብተውታል፤ ቀለሙ ጣሪያውን ሳይቀር ነክቶት ነበር፤ ማንም ሰው ግን በፊታቸው አይናገርም።

ቤቷ የተገዛችው በሁለቱም ደመወዝ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ግን የአጎቴ ስም ብቻ ነበር፤ በፊርማው ቀን እትዬ ሥራ ላይ ስለነበሩ ማንም ነገሬ አላለውም። ባልና ሚስት አይደሉ እንዴ?

በመስቀል ሰሞን አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከተከራየው የአሜሪካኖች አዳራሽ ስንወጣ፣ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር አጎቴ ላድርስሽ አሉኝ። እትዬ ለሥራ ተጠርተው አልመጡም ነበር። ያን ጊዜ የምኖረው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ኪራይ አፓርትመንት ውስጥ ነው። በሬ ላይ ስንደርስ መኪናውን ፓርክ አደረጉና ሞተሩን ሳያጠፉ ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

"የፓይን ሌኩን ቤት በስምሽ አድርጌዋለሁ።"

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ሰጥቼሻለሁ። ከፋሲካ በፊት ነው የጨረስኩት። ጠበቃ ጋ ሄጄ ሳይን አድርጌ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይም ሪኮርድ ተደርጓል። ብቻ ለእትዬሽ እንዳትነግሪ።"

መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ደነገጥኩ። አልታመሙም። ኮንየርስ ውስጥ፣ ከሥራቸው አጠገብ፣ አንዲት የጡብ ቤት አይተዋል፤ ገዝተው ሊያከራዩ ነው። ሁለት ቤት በአንድ ሰው ስም መሆኑ ነው ያስፈራቸው።

ይህን ለመረዳት አዲስ አበባ የሆነባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አጎቴና እትዬ ከሚኖሩበት ቤት ሌላ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው። የአንደኛው መሠረት የተጣለው በእትዬ የአንገት ወርቅ ነው። ደርግ ትርፍ ቤትን ሲወርስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሄዱ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ነው የሚለው፤ ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ካሣ የለ፣ አቤቱታ የለ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ከሚለው ቁጥር በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ሰው መጥቶ የሚወስደው ይመስላቸው ነበር። ሁለት ካፖርት እንኳ ሲኖራቸው አላየሁም።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ትርፍ ቤት የሚባል ነገር የለም" አልኳቸው። "አለቃዬ ስድስት ቤት አለው።"

"ገና ነዋ" አሉኝ። "እኛስ ጋ እስኪመጣ ድረስ መቼ ነበር?"

"እሺ፣ ከሆነስ ለምን በእትዬ ስም አላደረጉትም?"

"አንቺ ደግሞ። ባልና ሚስት እንደ አንድ ነው የሚቆጠር። እነዚያስ እንዲያ ብለው አይደል የወሰዱት? አንቺ ግን የብቻሽ ነሽ፤ ምንም የለሽም።"

ምንም የለሽም ያሉኝ በፍቅር ነው። እኔ ግን ጭንቅላቴ ወዲያው መሥራት ጀምሮ ነበር። ሰጥተውኛል፤ ግን እዚያው ይኖራሉ። ሰጥተው የሚኖሩበት ቤት ደግሞ በሕጉ ዓይን አልተሰጠም ማለት ነው፤ ሰውየው ሲሞት ተመልሶ ከውርሱ ጋር ይደመራል። ከዚያም ይባስ ብሎ እንደ እኛ ያለ ሰው የሚተወው ንብረት የውርስ ግብር የሚጀምርበት መጠን አጠገብ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ አጎቴ ከማይመጣ ሌባ ለመሸሽ በሩን ከፍተው ወጥተዋል። ባለቤቷ እኔ ነኝ። በመኪና ሰው ገጭቼ ብከሰስ የምትያዘው ቤት የእትዬ ወጥ ቤት ናት። ብሞት ደግሞ ወራሼ ናዝሬት ያለችው እናቴ ናት፤ እናቴና እትዬ በአንድ ሠርግ ላይ በአቀማመጥ ከተጣሉ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

"አልቀበልም ጋሼ" አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። "ምን ማለት ነው አልቀበልም? አለቀ እኮ። ሪኮርድ ተደርጓል።"

"ስጦታ ተቀባዩ ካልተቀበለው ስጦታ አይሆንም። ሕጉ ዘጠኝ ወር ይሰጠኛል። በጽሑፍ እምቢ ካልኩ እንዳልሰጡኝ ይቆጠራል፤ ቤቱ እርስዎ ጋ ይቀራል። ዘጠኙ ወር ካለፈ ግን የኔ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልመልስ ብል እኔ ነኝ ለእርስዎ ስጦታ የምሰጠው፤ ያኔ እኔ ለመንግሥት አስታውቃለሁ፣ ከኔ ነፃ መጠን ይቀነሳል፣ ጣጣው በጣጣ ላይ ነው።"

በደንብ አስረድቻለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንድ ቃል ነው።

"እምቢ ነው ያልሽኝ?"

"ጋሼ..."

"ውረጂ" አሉኝ።

ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ስልክ ስደውል የሚያነሱት እትዬ ብቻ ሆኑ። አጎቴ እሑድ እሑድ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን በኮፍያቸው ጫፍ ተቀብለው ያልፋሉ። ነገሩ ገብቶኛል። ያሳደገሽ ሰው የሚሰጥሽን ከመቀመጫሽ ተነስተሽ በሁለት እጅ ነው የምትቀበዪው፤ የዘጠኝ ወር ቀነ ገደብ አታወጪለትም። እኔ ግን ልክ ነበርኩ፤ ልክ ስሆን ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዘጠኙ ወር የሚያልቀው በገና ዋዜማ አካባቢ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ እትዬ ነይ ምሳ ብይ ብለው ጠሩኝ። አጎቴ ሥራ ነበሩ። በልተን እንደጨረስን ወጥ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ግድግዳ ወሰዱኝና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ጋ መስኮት ላወጣ ነው" አሉኝ። "ሐይቁ በዚህ በኩል ነው፤ ዕቃ ሳጥብ ልየው። ለብቻዬ ትንሽ አስቀምጫለሁ። ምን ይመስልሻል?"

የቤቱ ባለቤት እኔ ነበርኩ። እትዬ ሳያውቁት ፈቃድ የሚጠይቁት ባለቤቷን ነው። "ጥሩ ነው እትዬ" አልኩ። በዚያች ደቂቃ አጎቴን ጠላኋቸው። ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ እኔ ከነገርኳቸው በባልና ሚስት መሀል የገባሁ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ እቤታቸው እግሬ አይረግጥም። ቢሆንም ዝም ብዬ እያየሁ እሳቸው በሰው ቤት ላይ መስኮት ሊያወጡ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ረጅም ጊዜ ሳላስነሳ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ናቸው። አንደኛው የአጎቴ የቅርብ ወዳጅ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ጎምቱ የሚባሉ፣ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የአጎቴ የሥራ ባልደረባ ሲሆኑ ጴንጤ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በጾምም በጸሎትም በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። በኔ ላይ ግን ተስማምተው፣ ክራቫት አስረው፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉ ታክሲ ነጂው፣ "ብዙ ዓመት ሸምግያለሁ። የሰው ቤት ወሰደ ተብሎ የተከሰሰ አስታርቄያለሁ። የተሰጣትን ቤት እምቢ ያለች ሴት ስትገጥመኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ምን በድሎሽ ነው?"

ሻይ ቀዳሁላቸውና ሕጉን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሁለቱም በጥሞና ሰሙኝ። ጴንጤው ሰውዬ ጎንበስ ብለው፣ "ታዲያ ታክሱን እንዳትከፍዪ ፈርተሽ ነው?" አሉ። የስጦታ ግብር የተቀባይ አለመሆኑን ደግሜ ነገርኳቸው። እንዲያ ከሆነ፣ አሉ፣ እሳቸው የእህታቸውን ልጅ ኮሌጅ እያስተማሩ ነው፤ እሱስ ይቆጠራል? ገንዘቡን በልጅቷ እጅ ካልሰጡና በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ከከፈሉ ለትምህርት የተከፈለው ስጦታ ተብሎ አይቆጠርም አልኳቸው። የታመመ ሰው ሲያሳክሙም ለሆስፒታሉ በቀጥታ የሚከፍሉት እንደዚያው ነው። ታክሲ ነጂው በተራቸው ለወንድማቸው ልጅ አሮጌ ታክሲያቸውን ስለሰጡት ጠየቁኝ። ታክሲዋን አውቃታለሁ፤ አስር ሺሕ ዶላር ልታወጣ ቀርቶ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው፤ አያስቡ አልኳቸው። ሽምግልናው ቀርቶ የቢሮ ሥራ ሆኖ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ሊሄዱ ሲነሱ ታክሲ ነጂው የመጡበት ነገር ትዝ አላቸው። "እንግዲህ ከአጎትሽ ጋር እናቀራርባችሁ። የት ይሁን?"

"ፓይን ሌክ ይሁን፣ እሳቸው ቤት" አልኩ። "ቅዳሜ።"

ቅዳሜ እትዬ እንደማይሠሩ አውቅ ነበር። ለእትዬ እንዳትነግሪ ተብያለሁ፤ አልነገርኩም። ሽምግልናው የት ይሁን ተብዬ ስጠየቅ ግን መመለስ መብቴ ነው። አሁንም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።

ቅዳሜ ስደርስ አጎቴ ኮታቸውን ለብሰው ራስጌ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ። እትዬ በስድነቴ የተጠራሁ ነው የመሰላቸው፤ በሩን ሲከፍቱልኝ "ጉልበት ሳሚ፣ ቂሙ ይለቅ" ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። ሳምኩ። አጎቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና አነሱት። እትዬ ሻይ በትሪ ይዘው ገቡ።

ታክሲ ነጂው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እትዬም ባሉበት ብንነጋገር መልካም ነው። እኚህ ወንድማችን አንቺን አሳድገው፣ አስተምረው፣ በመጨረሻም ይህን የምንቀመጥበትን ቤት ሰጥተውሽ ሳለ እምቢ ማለትሽ..."

"የቱን ቤት?" አሉ እትዬ።

ሚስትየው አታውቅም ብሎ ማን ያስባል? ታክሲ ነጂው ወደ አጎቴ ዞሩ፤ አጎቴ ጫማቸውን አዩ። እትዬ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቆመው ቀሩ።

"ይህን ቤት?"

"በስሟ አድርጌው ነው" አሉ አጎቴ። "ለደኅንነቱ ነው። ኮንየርስ ሌላ ልገዛ ስለሆነ..."

"መቼ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

እትዬ አልጮኹም። ብዙ የሚናገሩ ሴት አይደሉም፤ ድምፃቸውም ከፍ አላለም።

"ደርግ እንኳ ቤቴን ሲወስድ በሬዲዮ ነግሮኝ ነው" አሉ። "ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። አንተ አጠገቤ ተኝተህ አልነገርከኝም።"

አጎቴ የዚያን ቀን የሆኑትን ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ትልቅ ሰውዬ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ አነሱብኝ። በመስኮቱ ቀን የጠላኋቸውን ያህል አንጀቴን በሉት። "ፈራሁ" አሉ። "ሁለተኛውን ቤት ልገዛ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። እነዚያ ሰዎች በር አንኳኩተው ስንት ቤት አለህ ሲሉኝ ይታየኛል። ይኸው አሁንም ይታየኛል። ላንቺ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው።"

"እኔ በምን አፌ እስቃለሁ?" አሉ እትዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ መስኮቱን ሳሳይሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር እትዬ።"

"እምቢስ ለምን አልሽ?"

ሕጉን ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። "የእርስዎ ቤት ስለሆነ ነው" አልኩ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ሳይኖር መንገድ የሚያሳይ ሰው እንደሚጠብቁ ሆነው እኔን ያያሉ፤ እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። የእምቢታውን ወረቀት ታይፕ አድርጌ፣ ፈርሜ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት። አወጣሁና ለአጎቴ ዘረጋሁላቸው።

"ይህን ሲቀበሉኝ ቤቱ ከእጅዎ እንዳልወጣ ይቆጠራል" አልኳቸው። "ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ለኔ ሲሰጡኝ ሕጉ በዓመት አስር ሺሕ ብሎ ልክ አውጥቷል፤ ከዚያ ካለፈ አስታውቅ ይላል። ለእትዬ ቢሰጡ ግን ልክ የለውም።"

"ልክ የለውም ማለት?"

"ምንም ያህል ይስጡ። ቤት ይስጡ፣ አስር ቤት ይስጡ። ማስታወቅ የለ፣ ግብር የለ፣ ከምንም አይቀነስም። ሲሞቱ ቢያወርሷቸውም እንደዚያው ነው። ባልና ሚስት እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጠሩ።"

አጎቴ ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰሙ ቀና አሉ። ያች ነገር ናት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቤት ያስወሰደቻቸው። እዚያ አንድ ናችሁ ተብለው ተቀሙ፤ እዚህ አንድ ናችሁ ተብለው ሲሰጣጡ የሚጠይቃቸው የለም። በሥራዬ ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ምን ዓይነት ሕግ እንደሆነ ግን የገባኝ ያን ቀን ከአጎቴ ፊት ላይ ነው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

"ነኝ" አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ጴንጤው ሰውዬ ቀስ ብለው፣ "ወንድሜ፣ ተቀበላት" አሏቸው። አጎቴ ከወንበራቸው ከፍ ብለው እምቢታዬን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እንዲህ ዓይነት አቀባበል የተደረገለት እምቢታ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ነጂው እፎይ ብለው ሻያቸውን ገና ፉት ከማለታቸው እትዬ፣ "የኮንየርሱስ በማን ስም ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌው ትን አላቸው።

"ገና አልተገዛም" አሉ አጎቴ።

"እንግዲያው ሲገዛ እኔም እመጣለሁ። ከሥራ አስፈቅዳለሁ።"

ዕርቅ ግን በአንድ ቀን አይሆንም። እትዬ ለብዙ ቀን ባላቸውን የሚያነጋግሩት ስለ ቆሻሻ መድፊያና ስለ መብራት ብቻ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። አጎቴም አላጉረመረሙም። አንድ ማለዳ ሳይጠየቁ ጠበቃው ጋ ሄደው አዲስ ሰነድ አሠሩ፤ ቤቱ የሁለቱ እንዲሆን፣ አንዳቸው ሲሞቱም ሙሉ በሙሉ ለቀሪው እንዲሆን። ከዚያ ደወሉልኝ፤ ከመስቀል ወዲህ ሲደውሉልኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። "ኦፊስሽ ቅርብ ነው፤ ሪኮርድ ስናስደርግ ነይ፣ ታነቢላታለሽ" አሉኝ።

በምሳ ሰዓት ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። እትዬ ለበዓል የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አጎቴ እኛ እያየን ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖታሪና በምስክር ፊት ፈረሙ። ወረቀቱ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ላለችው ሴትዮ ከመሰጠቱ በፊት እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ያዙትና ለኔ አቀበሉኝ።

"አንብቢልኝ" አሉ። "ሁሉንም።"

እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። የሰጪው ስም። የተቀባዮቹ ስም፤ የራሳቸውን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ በሽያጭ ጊዜ ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ ይመጣል። ስጦታ ዋጋ ስለሌለው ጠበቆች እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚጽፉት አንድ ነገር አለ፤ በሥራዬ ከመልመዴ የተነሳ ዓይኔ ዘሎት ያልፍ ነበር። ያን ቀን አልዘለልኩትም።

"ለሚስቴ ስላለኝ ፍቅርና መውደድ ስል" ብዬ አነበብኩ።

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ።

"እንደዚያ ይላል?" አሉ እትዬ።

"ይላል።"

"እሱ ነው የፈረመበት?"

"አሁን አይደል እንዴ ሲፈርሙ ያዩዋቸው።"

እትዬ ወረቀቱን አዩት፤ ከዚያ ባላቸውን አዩ። "ደግመሽ አንብቢው" አሉኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ኧረ ሰው ተሰልፏል" አሉ አጎቴ ሳይዞሩ።

"ይሰለፍ" አሉ እትዬ። "የራሴ ቤት ነው።"